መቀርቀሪያ ያልቻለውን ቁልፍ ቻለ፤ ግን እስከ መቼ?

መቀርቀሪያ በርን የሚያስጠብቀው ከውስጥ ሰው ካለ ብቻ ነው። ባለቤቱ ገበያ ሲወርድ ወይም ዘመድ ጥየቃ ሲሄድ ከውጭ ሆኖ የሚቀረቅርበት መላ የለውም። ቁልፍ የተፈለሰፈው ይህን ችግር ለመፍታት ነው፤ ባዶ ቤት ውስጥ ያለውን መወርወሪያ ከደጅ ሆኖ ማዘዝ።

ከጥንታዊዎቹ የቁልፍ ቅሪቶች አንዱ የተገኘው በሰሜን ኢራቅ ኮርሳባድ፣ የአሦር ንጉሥ ዳግማዊ ሳርጎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት ባሠራው ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ውስጥ ነው። ሁለመናው እንጨት ነው። መወርወሪያው ላይ ቀዳዳዎች አሉ፤ በላዩ ካለው ሳጥን ትናንሽ የእንጨት ችንካሮች በክብደታቸው ወርደው ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይቀመጣሉና መወርወሪያው አይነቃነቅም። መክፈቻው ጫፉ ላይ ጥርስ ያለው ረጅም እንጨት ነው። ከሥር ገብቶ ሲነሣ ችንካሮቹን ወደ ላይ ይገፋል፣ መወርወሪያውም ይለቀቃል። በዚያው መቶ ዓመት የነበረው ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 22 መክፈቻን በጫንቃ ላይ የሚደረግ ነገር አድርጎ መናገሩ የኪስ መክፈቻ ለለመደ አንባቢ እንግዳ ይሆንበታል። የእንጨቱን መክፈቻ ግዝፈት ላየ ግን ግልጽ ነው።

ሮማውያን ቁልፍን ከብረት ሠሩ፤ መክፈቻውንም አሳንሰው በጣት ቀለበት ላይ እስከ ማበጀት ደረሱ። አማርኛ ከእንቁራሪት ዘመድ ጋር በስም ያዛመደው ተንጠልጣዩ ጓጉንቸርም በእነሱ ዘንድ የታወቀ ነበር። ከዚያ በኋላ በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት የታየው ለውጥ በአብዛኛው ጌጥ ነው። የቁልፉ ሆድ ውስጥ የተሳሳተ መክፈቻ እንዳይዞር የሚከለክሉ የብረት እንቅፋቶች ይደረጋሉ፤ ሌባው ግን እንቅፋቶቹን የሚያልፍ ቀጭን መክፈቻ ሞርዶ ይገባል።

ነገሩ የተለወጠው በእንግሊዝ ነው። ጆሴፍ ብራማ እ.ኤ.አ. በ1784 አዲስ ቁልፍ አስመዘገበ። ከ1790 ጀምሮም አንዱን በለንደን ሱቁ መስኮት ላይ አስቀምጦ፣ ያለ መክፈቻው ለሚከፍት ሰው 200 ጊኒ እንደሚሰጥ አወጀ። በ1817 በፖርትስማውዝ የመርከብ ማደሻ ስርቆት ሲፈጸም፣ መንግሥት በራሱ መክፈቻ ካልሆነ በቀር የማይከፈት ቁልፍ ለሚሠራ 100 ፓውንድ ሽልማት አቀረበ። በማግስቱ ዓመት ሽልማቱን የወሰደው ጀረማያ ቸብ ነው። የቸብ ቁልፍ ልዩነቱ መከላከል ብቻ ሳይሆን መመስከርም መቻሉ ላይ ነው፤ ሌባ ሲነካካው ውስጡ ካሉት ማንሻዎች አንዱ ከልኩ በላይ ተነሥቶ ይያዛል፣ ባለቤቱም በኋላ መክፈቻውን ሲያስገባ ቁልፉ እንደተነካ ያውቃል። በእስር መርከብ ላይ የነበረ፣ ሙያው ቁልፍ ሠሪ የሆነ እስረኛ ከከፈተው ምሕረት እንደሚያገኝ ቃል ተገብቶለት ሳምንታት ቢደክምም አልቻለም።

ይህ መተማመን በ1851 ፈረሰ። ለታላቁ የለንደን ኤግዚቢሽን የመጣው አሜሪካዊ አልፍሬድ ቻርልስ ሆብስ የቸብን ቁልፍ በ25 ደቂቃ ገደማ ከፈተ። የብራማው 16 ቀናት ውስጥ ተከፋፍሎ 51 ሰዓት ያህል ፈጀበት፤ ሽልማቱንም ወሰደ። ብዙዎች ምስጢሩን በአደባባይ ማውጣቱ ሌቦችን ማስተማር ነው ብለው ወቀሱት። የሆብስ መልስ ሌቦች ሙያቸውን ከማንም ቀድመው ያውቃሉ የሚል ነበር። ትክክሉም እሱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ቁልፉ ይከፈታል ወይ ሳይሆን ስንት ሰዓት ያቆያል የሚል ሆኗል።

የዛሬው የቤት በር ቁልፍ የመጣው ግን ከብራማም ከቸብም አይደለም። አሜሪካዊው ታናሹ ላይነስ ዬል አባቱ የጀመረውን ሥራ ይዞ በ1861 እና በ1865 ያስመዘገበው ቁልፍ ወደ ኮርሳባድ ሐሳብ የሚመለስ ነው። ችንካሮቹ ብረት ሆኑ፤ በክብደታቸው ፋንታ ሞላ ይገፋቸዋል፤ እያንዳንዱም ለሁለት ተቆርጧል። የመክፈቻው ጥርሶች የሁሉንም ቁራጭ መገናኛ በአንድ መስመር ሲያሰልፉ ብቻ ሲሊንደሩ ይዞራል። አንዱ በጥቂቱ ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ይያዛል። በትከሻ ይወሰድ የነበረው መክፈቻም ጠፍጣፋ የብረት ቁራጭ ሆኖ ኪስ ገባ። ዬል በ1868 ከሄንሪ ታውን ጋር በስታምፎርድ፣ ኮነቲከት ፋብሪካ ቢያቋቁምም በዚያው ዓመት መጨረሻ በ47 ዓመቱ አረፈ፤ ቁልፉን በብዛት አምርቶ ያሰራጨው ታውን ነው።