አሚር ማሕፉዝ

ወጣት አንባቢ ሆይ! ዛሬ ከሞጆ ወደ አዳማ ስትጓዝ ግራና ቀኝህን የምታየው ሜዳ፣ ፋብሪካውና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሳይተከልበት ከብዙ ዘመን በፊት፣ ፈጠጋር ከሚባለው ግዛት አካባቢ ነበረ። ስንዴና ገብስ የሰመረለት፣ ከብት የበዛለት አገር ስለ ነበረ ነገሥታቱ ይወዱት ነበር። የዘይላው ገዢ አሚር ማሕፉዝም ይህንኑ ያውቅ ነበር። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፍልህ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ማሕፉዝ በማዕረግ ከአዳል ሱልጣን በታች ነበረ፤ ነገር ግን ሱልጣኑ ሰላም ሲሻ ጦር የሚያስነሣው እርሱ ነበር። ከዐፄ እስክንድር ጀምሮ በሦስት ነገሥታት ዘመን፣ ሃያ አምስት ዓመት ያህል፣ በየዓመቱ እየወጣ ይዘርፍ እንደ ነበረ በ1512 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው ፖርቱጋላዊ ቄስ አልቫሬዝ ጽፏል። የሚመርጠውም ወራት ዐቢይ ጾም ነበር። ገበሬውም ወታደሩም በጾም ሲደክም ደርሶ ቤት ያቃጥላል፣ ከብት ይነዳል፣ ሰው ይማርካል። ምርኮኛውም ባሕር ተሻግሮ ወደ ዐረብ አገር ይወሰድ ነበር። ጠላቱን ጠንቅቆ ያጠና ሰው መሆኑን መካድ አይቻልም፤ በጾመኛ ላይ የተገኘ ድል ምን ያህል እንደሚያስመሰግን ግን አንተው ፍረድ። ጠላት ማለቴም የደጋውን ሰው ቃል ተከትዬ ነው እንጂ፣ በዘይላና በሐረር እርሱ ጀግና ነበረ፤ የሐረር ሰውም ወገናችን ነው።

ዐፄ ልብነ ድንግል በ1500 ዓ.ም. ሲነግሡ ገና ልጅ ነበሩና አገሩን ንግሥት እሌኒ ይጠብቁላቸው ነበር። በ1509 ዓ.ም. ግን ማሕፉዝ ከሱልጣኑ ጋር ፈጠጋር መግባቱን በሰሙ ጊዜ ወጣቱ ንጉሥ ራሳቸው ገሥግሠው መውጫ በሮቹን ሁሉ ያዙበት።

ማሕፉዝ መከበቡን ባወቀ ጊዜ ያደረገውን ልብ ብለህ አንብብ። ጌታውን ሱልጣኑን እንዲያመልጥ መክሮ ከጥቂት ፈረሰኞች ጋር ሰደደው፤ እርሱ ግን ቀረ። ከዚያም ወደ ንጉሡ ሠራዊት ቀርቦ አንድ ለአንድ የሚገጥመኝ ካለ ይውጣ አለ። የወጣው ገብረ እንድርያስ የሚባል መነኩሴ ነበር። ይህ ሰው ነገር አብዝተሃል ተብሎ በዐፄ ናዖድ ትእዛዝ የምላሱ ጫፍ የተቆረጠ ነው ይባላል፤ ክንዱን ግን ማንም አልነካበትምና ማሕፉዝን በሰይፍ ጣለው። በዚያው ክረምት የፖርቱጋል መርከቦች ደርሰው ዘይላን አቃጠሏት።

የማሕፉዝ ራስ ተቆርጦ ወደ ንጉሡ ከተማ ተወሰደ። አልቫሬዝ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲደርስ ሕዝቡ ስለዚያ ድል አሁንም ይዘፍን ነበር። ያን ያህል ዘመን የተዘረፈ ሕዝብ ሦስት ዓመት ቢዘፍን እኔ አልፈርድበትም። መኳንንቱ ግን የአንድ ሰው ራስ እጃቸው ስለ ገባ ጦርነቱ ያለቀ መሰላቸው። አርቀው የሚያዩት እሌኒ አስቀድመው ወደ ፖርቱጋል መልእክተኛ ልከው ነበር፤ መልሱን ይዘው የመጡትን መልእክተኞች ግን ድል የቀናቸው ንጉሥ ስድስት ዓመት አቆይተው ያለ ብዙ ፍሬ አሰናበቷቸው።

በአዳል በኩል ዘፈን አልነበረም። የማሕፉዝ ልጅ ድል ወንበራ ሕዝብ ግራኝ የሚለውን አሕመድ ኢብን ኢብራሂምን አገባች። አሕመድም በ1521 ዓ.ም. ከሞጆ አቅራቢያ ሽምብራ ኩሬ ላይ የንጉሡን ጦር ሰበረ፤ አማቱ ከወደቀ ገና አሥራ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው። ድል ወንበራም ከባሏ ጋር ትዘምት ነበር። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአምባ ወደ አምባ ሲሳደዱ ኖረው በ1533 ዓ.ም. ደብረ ዳሞ ላይ ዐረፉ። አሕመድም በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ወደቀ።

ድል ወንበራ ወደ ሐረር ተመልሳ ኑር ኢብን ሙጃሂድን አገባች፤ ደም እንዲመልስላት ተስማምታ ነው ይባላል። ኑርም በ1551 ዓ.ም. የልብነ ድንግልን ልጅ ዐፄ ገላውዴዎስን በጦርነት ገደለ። ወራቱ ዐቢይ ጾም፣ ሰሙኑ ሕማማት ነበር። የንጉሡም ራስ ተቆርጦ ወደ ሐረር ተወሰደ።