ወለተ ጴጥሮስና እኅተ ክርስቶስ፦ ገድል የመሰከረው ፍቅር

ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ በ1672 እ.ኤ.አ. ገድለ ወለተ ጴጥሮስን ሲጽፍ ቅድስቲቱ ካረፈች 30 ዓመት ሆኗት ነበር። ያወቋት ሴት መነኮሳት ግን ገና በሕይወት ነበሩ፤ መጽሐፉም የቆመው በእነሱ ትዝታ ላይ ነው። በዚያ ትዝታ ውስጥ ከወለተ ጴጥሮስ ጎን የማትጠፋ አንዲት ሴት አለች፤ እኅተ ክርስቶስ።

ወለተ ጴጥሮስ (1592–1642) የአፄ ሱስንዮስ ባለሟል የመልክዐ ክርስቶስ ሚስት ነበረች። የወለደቻቸው ልጆች በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ እምነት ሲያዘነብል ባሏ ከንጉሡ ጋር ቆመ። ይህን የተቃወሙት ጳጳስ አቡነ ስምዖን በ1617 ተገደሉ፤ የጳጳሱ ልብስ በባሏ እጅ መግባቱን ስታውቅ ከመኝታው ተለየች፤ ጥላው ወጥታም መነኮሰች። የንጉሥን ሹም ትቶ መሄድ የትዳር ጠብ ብቻ ሆኖ ሊያልፍ አይችልም፤ በንጉሡም ላይ ማመፅ ነበር።

እኅተ ክርስቶስም ባሏንና ሴት ልጇን ትታ የመነነች ናት። ወለተ ጴጥሮስ የመጀመሪያ የምንኩስና ዘመኗን ያሳለፈችው በጣና ዳር ባለችው በዘጌ ነው። ሁለቱ የተገናኙት በዚያው በጣና አካባቢ፣ በአንድ አባት አማካይነት ነው። ገድሉ ገና ከሩቅ ሲተያዩ በሁለቱም ልብ ፍቅር እንዳደረ ይተርካል። ከዚያ በኋላ በስደትም በማኅበር ምሥረታም አልተለያዩም።

ዌንዲ ቤልቸርና ማይክል ክላይነር በ2015 ገድሉን በእንግሊዝኛ ካሳተሙ ወዲህ ይህ ፍቅር ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። ቤልቸር በተመሳሳይ ጾታ መካከል ያለ ፍቅር አድርጋ ስታነበው፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ምሁራን የቅድስት ስም ማጉደፍ ነው ብለው ተቃወሙ። በእኔ አመለካከት ሥጋዊ ግንኙነትን ከገድሉ ማውጣት አይቻልም። ወለተ ጴጥሮስ ወጣት መነኮሳት እርስ በርስ ሲመኛኙ አይታ እጅግ ማዘኗን የሚተርከው ይኸው መጽሐፍ ነው። ነገር ግን ስሟን ለመጠበቅ ሲባል እኅተ ክርስቶስን ተራ አገልጋይ ማድረግም ጽሑፉን መካድ ነው። ሁለቱ ከባል፣ ከዘመድና ከቤተ መንግሥት በላይ አንዷ ሌላዋን መርጠዋል። ወለተ ጴጥሮስ በሞት አፋፍ ሆና ያሳሰባት ብቻዋን የምትቀረው የባልንጀራዋ ነገር ነበር።

ከእሷ በኋላ ማኅበሩን የመራችው እኅተ ክርስቶስ ናት፤ በ1649 እስክታርፍ ድረስ። ለገላውዴዎስ ከመሰከሩት መካከል በእሷ አመራር ሥር የኖሩ እንደሚገኙበት መገመት አያዳግትም። እነዚህ ሴቶች የእናታቸውን ቅድስና ሲመሰክሩ ወዳጅነቷን ሊደብቁት አልፈለጉም፤ ከተአምራቷ እኩል አስጻፉት።