ክቧ ጨው

ስሙኝማ። አያቴ በሳጥኗ ውስጥ በነጠላ ቁራጭ የቋጠረቻት አንዲት ጨው ነበረቻት። እንደ ብይ ክብ ናት። እኛ የምናውቀው አሞሌ ረዘም ያለ፣ ባለ ማዕዘን ነው። «ይቺ ደግሞ የምን ጨው ናት?» ስንላት፣ «አባቴ ከታጁራ ያመጣት ናት፤ እዚያ ጨው እንደ እንቁላል ይወለዳል» ትለን ነበር። ሳቅንባት።

ባለፈው ጥር ከጅቡቲ ከተማ መኪና ይዘን ባሕረ ሰላጤውን በቀኝ እያየን ወደ ታጁራ ተጓዝን። አርዱኮባ እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. በ1978 የተፋውን ጥቁር ድንጋይ አልፈን ወደ አሳል ሐይቅ ወረድን። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ፣ በአፍሪካ ከሁሉ የጎደጎደ ምድር ነው። ዳሩ ላይ አንድ የአፋር ልጅ ጨርቅ ዘርግቶ ጨው ይሸጣል። ጎንበስ ብዬ አንዷን አነሣሁ። ውኃው እያንከባለለ ያከበባት፣ የአያቴ ጨው! እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

የአያቴ አባት በልጅነቱ ግመል ነጂ ነበር። ከአንኮበር ሥር ከአልዩ አምባ ገበያ የተነሣ ቅፍለት የአፋርን በረሃ አቋርጦ ታጁራ ይገባል። እንግሊዛዊው ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦም በ1886 ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ በግመል ጭኖ የተነሣው ከታጁራ ነው።

ታጁራ ነጫጭ መስጊዶች ያሏት ጸጥ ያለች ከተማ ናት። ባሕሩ ዳር የተቀመጡ አንድ አዛውንት ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሾፌራችን አስተረጎመልኝ፤ «ከእናንተ አገር ቡና ይመጣ ነበር፤ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ። ሰውም ይመጣ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ።

ልክ ናቸው። ከደጋው የተፈነገሉ፣ አብዛኞቹ ገና ልጆች፣ በዚያ መንገድ በእግራቸው ወርደው ከታጁራ በጀልባ ቀይ ባሕርን ተሻግረዋል። አያቴ ስለ ጨው ነገረችን፤ ስለ እነሱ ግን አንድም ቀን ትንፍሽ ሳትል አለፈች። እኔም አልጠየቅኳትም።

ከአልዩ አምባም ሆነ ከአንኮበር የሲራራ ነጋዴ ዘር ያላችሁ፣ ሽማግሎቻችሁ በሕይወት ሳሉ ጠይቁልኝ፤ ቅፍለቱ ወደ ባሕር ሲወርድ ከግመሎቹ ኋላ በእግሩ የሚሄደው ማን ነበር?