የጠመንጃ መነጽር

የጠመንጃ መነጽር ራቅ ያለን ዒላማ አጉልቶ የሚያሳይ፣ በጠመንጃ ጀርባ ላይ የሚታሰር ማነጣጠሪያ ነው። በወሎ ደጋ የታወቀው ውጅግራ ግን በብረት ማነጣጠሪያ የሚተኮስ ነበር።

ለዒላማ ልምምድ የሚያገለግለው ባለ 5.6 ሚሊሜትር ጠመንጃ፣ ማቀጣጠያው በቀለሁ ግርጌ ጠርዝ ውስጥ ያለው፣ ርግጫው ቀላል ነው፤ 4 ጊዜ የሚያጎላ መነጽርም ይበቃዋል። ዋናው ነገር መነጽሩ ለ45 ሜትር ገደማ የተስተካከለ መሆኑ ነው። ለትልልቅ ጠመንጃ የተሠራው አብዛኛውን ጊዜ ለ90 ሜትር ስለሚስተካከል፣ በቅርብ ዒላማ ላይ ዓይን ትንሽ ሲንቀሳቀስ መስቀለኛው መስመር የሚንሸራተት ይመስላል።

መነጽሩ በሁለት ቀለበቶች በጠመንጃው ጀርባ ባለው 11 ሚሊሜትር ሐዲድ ላይ ይታሰራል። ጠመንጃው ሳያጋድል ተቀምጦ ቀጥ ያለው መስመር ራቅ ብሎ ከተንጠለጠለ ቱንቢ ጋር ይስተካከላል፤ ብሎኖቹም በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት ይጠብቃሉ።

ተራ መነጽር ተዳፋትን አያሰላም። ከመካነ ሰላም ደጋ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው ዓይነት አገር፣ በ30 ዲግሪ ቁልቁለት 100 ሜትር የራቀ ዒላማ በአግድም ሲለካ 87 ሜትር ያህል ነው። የመሬት ስበት ጥይቱን ዝቅ የሚያደርገው በዚህኛው ልክ ስለሆነ፣ ለ100 ሜትር ያነጣጠረ ሰው ከዒላማው በላይ ይመታል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አጠገብ በእሮጌ ውጊያ ከፋላ አምባ ቁልቁል የተተኮሱት የአፄ ቴዎድሮስ መድፎችም ጥይታቸው በእንግሊዞች አናት ላይ አልፏል፤ በዚያ ግን የባሩዱ መብዛትም በምክንያትነት ይጠቀሳል።