ዝለት፦ ከልኩ በላይ ሳይጫን የሚሰበረው ብረት

የቁሳቁስ ጥንካሬ ትምህርት ሲጀመር ተማሪው መጀመሪያ የሚለምደው ስሌት ቀላል ነው። የሚጫነውን ኃይል ለሚሸከመው ገጽ ስፋት ያካፍላል፤ የተገኘውን ውጥረት ይለዋል። ዲያሜትሩ 20 ሚሊ ሜትር በሆነ የብረት ዘንግ 3 ቶን ቢንጠለጠል፣ የዘንጉ ቁራጭ ገጽ 314 ካሬ ሚሊ ሜትር ስለሆነ ውጥረቱ 94 ሜጋ ፓስካል ገደማ ይመጣል። ከዚያ ሠንጠረዥ ይገለጣል። ተራ የግንባታ ብረት ተመልሶ እንደነበረ መሆን የሚያቅተው ከ250 ሜጋ ፓስካል አካባቢ ጀምሮ ነው፤ የሚበጠሰው ደግሞ 400ን ካለፈ በኋላ ነው። 94 ከ250 በብዙ ያንሳል፤ ዘንጉ ይችላል ተብሎ መልሱ ይሰመርበታል።

ስሌቱ ስህተት የለበትም። ጥያቄው ነው የጎደለው፤ ጭነቱ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ አልተጠየቀም። ያው ዘንግ፣ በዚያው 94 ሜጋ ፓስካል፣ ሚሊዮን ጊዜ እየተሳበና እየተለቀቀ ቢሠራ፣ በተለይ እንደ ብሎን ጥርስ የወጣለት ወይም ብየዳ ያረፈበት ከሆነ፣ አንድ ቀን ሳይጎብጥና ሳይረዝም ድንገት ለሁለት ሊከፈል ይችላል። እንግሊዝኛው ይህን «ፋቲግ» ይለዋል። እኔ «ዝለት» እለዋለሁ።

«ድካም» የሚለው ቃል ፈጥኖ አፍ ላይ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ክፍል ውስጥ ግን ግራ ያጋባል። «ደካማ ብረት» ስንል ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ጥንካሬው ዝቅ ያለ ብረት ማለታችን ነው። እዚህ የምንነጋገርበት ብረት ደካማ አይደለም፤ ከስብራቱ ራቅ ካለው ክፍሉ ቆርጠው ቢፈትኑት ሠንጠረዡ ላይ የተጻፈለትን ያህል ይሸከማል። «ዛለ» የሚባለው ክንድ ነው፣ ጉልበት ነው። ቀኑን ሙሉ በድንጋይ ወፍጮ ስትፈጭ የዋለች ሴት ክንዷ የሚዝለው እህሉ ከብዷት አይደለም፤ ያው አንድ እንቅስቃሴ ሺህ ጊዜ ስለተመላለሰባት ነው። ቃሉ መደጋገምን በሆዱ ይዟል። በአንድ ነገር ብቻ ተማሪን ያሳስታል፦ የዛለ ክንድ አድሮ ይበረታል፣ የዛለ ብረት ግን እረፍት አያድነውም። ስንጥቅ የጀመረው አውሮፕላን ዓመት ሙሉ ቆሞ ቢከርም፣ በረራ ሲጀምር ስንጥቁ ካቆመበት ይቀጥላል።

ነገሩን በእጁ ማየት የሚፈልግ ፌሮ የሚያስሩ ሠራተኞችን ይመልከት። ፒንሳ በእጁ የሌለ ሠራተኛ ማሰሪያውን ጥቁር ሽቦ ጎትቶ ለመበጠስ አይሞክርም፤ ጣቱን ይቆርጠዋል። አንድ ቦታ ላይ ወዲህ ያጥፈዋል፣ ወዲያ ያጥፈዋል፣ ጥቂት ጊዜ ሲደጋግመው ሽቦው እጁ ላይ ይቀራል። ይህ ፈጣኑ ዝለት ነው። እያንዳንዱ እጥፋት ሽቦውን ቅርጹን እስኪያጣ ስለሚወጥረው በጥቂት ምልልስ ያልቃል። መሐንዲሱን እንቅልፍ የሚነሳው ግን ዘገምተኛው ነው፤ የሚታይ እጥፋት የለውም፣ ሥራውን በጸጥታ ለዓመታት ይሠራል።

ውስጡ ምን እንደሚካሄድ መጀመሪያ በማይክሮስኮፕ ካሳዩት መካከል ዩዊንግ እና ሃምፍሪ ይገኙበታል፤ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1903 ነው (እዚህ የምጠራቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ብረት ከጥቃቅን ቅንጣቶች የተገጣጠመ ነው። ውጥረቱ በጥቅሉ ዝቅተኛ ቢሆንም፣ አቀማመጣቸው ለመንሸራተት በተመቸ ቅንጣቶች ውስጥ የአተም ረድፎች እርስ በርስ ይንሸራተታሉ። ጭነቱ ሲገለበጥ መንሸራተቱም ይገለበጣል፤ ነገር ግን ልክ ወደነበረበት አይመለስም። ምልልሱ ሲበዛ ገጹ ላይ ሸካራ መስመሮች ይወጣሉ፣ ከመስመሮቹ አንዱ ስንጥቅ ይሆናል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሳቢ ጭነት ስንጥቁን ይከፍተዋል፣ ጫፉንም ጥቂት ወደፊት ያስኬደዋል፤ ብዙውን ጊዜ ከሺህኛ ሚሊ ሜትር ባነሰ እርምጃ።

በዝለት የተሰበረ አክስል ፊቱን አዙረው ሲያዩት ታሪኩን ራሱ ይናገራል። አንድ ጠርዝ ላይ የመነሻው ነጥብ አለ፤ የመሣሪያ ጭረት፣ የዝገት ጉድጓድ ወይም ሹል ጥግ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ነጥብ ዙሪያ እየሰፉ የሚሄዱ ቅስት መስመሮች ይታያሉ፣ ጭነቱ በተለዋወጠ ወይም ሥራው በቆመ ቁጥር ስንጥቁ የተወው ምልክት ነው። ይህ ክፍል ሁለቱ ፊቶች ሲፋተጉ ስለኖሩ ልሙጥ ነው፤ አንዳንዴም ዝገት ለብሶ ጠቁሯል። በተቃራኒው ጠርዝ የቀረው ክፍል ደግሞ ሸካራና የሚያብለጨልጭ ነው፤ የተረፈው ብረት ጭነቱን መሸከም አቅቶት በመጨረሻዋ ቅጽበት የተቀደደበት። የሸካራው ክፍል ስፋት ሁልጊዜ ትኩረቴን ይስበዋል። ትንሽ ከሆነ ጭነቱ ቀላል ነበር ማለት ነው፤ አክስሉ አብዛኛው ገጹ ተከፍሎ እንኳ ሲሸከም ነበር።

የዝለት ጥናት የተወለደው ከባቡር አክስል ነው። ግንቦት 8 ቀን 1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ በሚመለስ በሰው የተሞላ ባቡር የፊተኛው ሎኮሞቲቭ አክስል ተሰበረ፤ ተከታዮቹ ሠረገሎች ተደራርበው በእሳት ተያያዙ፣ በሮቹም ከውጭ ተቆልፈው ስለነበር ከ50 በላይ ሰዎች አለቁ። ብዙዎች ያኔ ብረት በመንቀጥቀጥ ብዛት ውስጡ ወደ ክሪስታል ይለወጣል ብለው ያምኑ ነበር፤ የሚያብለጨልጨው የስብራት ፊት አሳስቷቸው። ወጣቱ ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ ዊልያም ራንኪን ግን የተሰበሩ አክስሎችን መርምሮ ስንጥቁ ቀስ በቀስ እንደሚያድግ፣ መነሻውም አክስሉ ከወፍራም ወደ ቀጭን በድንገት በሚለወጥበት ጥግ እንደሆነ ጻፈ። ጥጉ ይከብከብ ሲልም መከረ። ዛሬም ይህንኑ ነው የምናስተምረው።

አክስል ለምን ቀድሞ ተጠቂ ሆነ? የሠረገላው ክብደት አክስሉን ከመንኮራኩሮቹ ውጭ ባሉት ጫፎቹ ቁልቁል ይጫነዋል፤ ሐዲዱ ደግሞ በመንኮራኩሮቹ በኩል ሽቅብ ይገፋዋል። ስለዚህ አክስሉ ይጎብጣል፤ የላይኛው ገጹ ይሳባል፣ የታችኛው ይጨመቃል። አክስሉ ግን ይሽከረከራል። አሁን ላይ የነበረው ነጥብ ከግማሽ ዙር በኋላ ታች ነው። ጭነቱ ምንም ሳይለወጥ፣ በእያንዳንዱ ዙር የገጹ ነጥብ ሁሉ አንዴ ይሳባል፣ አንዴ ይጨመቃል። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ያለው የባቡር መስመር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመንኮራኩሩ ዲያሜትር 90 ሴንቲ ሜትር ነው ብለን ብናሰላ፣ በአንድ ጉዞ አክስሉ ከ260 ሺህ ጊዜ በላይ ይዞራል። ሁለት ጊዜ ደርሶ ሲመለስ ሚሊዮን ምልልስ አለፈ።

ይህንን በቤተ ሙከራ የቆጠረው ጀርመናዊው የባቡር መሐንዲስ አውጉስት ቮለር ነው። ከ1850ዎቹ መጨረሻ እስከ 1870 ድረስ አክስሎችንና ዘንጎችን እያሽከረከረ በተለያየ ውጥረት ሰበራቸው። ውጤቱ ዛሬ የቮለር መስመር በምንለው ግራፍ ይሣላል፤ ቁመቱ ውጥረቱን፣ አግድሙ እስኪሰበር የቻለውን ምልልስ ያሳያል። ውጥረቱ ሲቀንስ ዕድሜው ይረዝማል። ሁለት ነገሮች ከዚያ ተገኙ። የመጀመሪያው፣ ከከፍተኛው ውጥረት ይልቅ ዕድሜውን በዋናነት የሚወስነው በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለው ርቀት ነው። ሁለተኛው፣ ለብረት ከተወሰነ ውጥረት በታች መስመሩ ይተኛል፤ ምልልሱ ቢቀጥልም ናሙናው አይሰበርም። ይህን «የዝለት ወሰን» እንበለው፤ የቻለውን ምልልስ ደግሞ «የዝለት ዕድሜ»።

ለተለመዱት የብረት ዓይነቶች የዝለት ወሰኑ የመበጠሻ ጥንካሬያቸው ግማሽ ገደማ ነው። እዚህ ላይ ተማሪ እንዲጠነቀቅ አጥብቄ እለምናለሁ። ያ ግማሽ የተገኘው እንደ መስታወት በተወለወለ፣ ጥግ በሌለው ትንሽ ናሙና ነው። መበጠሻው 500 ሜጋ ፓስካል የሆነ ብረት ወሰኑ 250 ነው እንበል። የቶርኖ መሣሪያ የተወው ሸካራነት ይህን በ0.7 ቢያባዛው፣ የክፍሉ ትልቅነት በ0.8፣ ጥጉ ደግሞ ለ1.8 ቢያካፍለው፣ የሚተርፈው 78 ሜጋ ፓስካል ብቻ ነው። መነሻችን ላይ በደህና «ይችላል» የተባለው 94፣ እንደ አክስሉ አንዴ በመሳብ አንዴ በመጨመቅ ቢመላለስ፣ እዚህ አያልፍም። አሉሚኒየም ከነጭራሹ እንዲህ ያለ የተኛ መስመር የለውም፤ ውጥረቱ ዝቅ ቢልም ምልልሱ ከበዛ ይሰበራል። የአውሮፕላን ክፍሎች በበረራ ብዛት ተቆጥረው የሚመረመሩትና የሚለወጡት ለዚህ ነው።

የአውሮፕላኑ ዓለም ይህንን በከባድ ዋጋ ተማረ። የመጀመሪያው የጄት መንገደኛ አውሮፕላን፣ የእንግሊዙ ኮሜት፣ ጥር 10 ቀን 1954 በኤልባ ደሴት አቅራቢያ፣ ሚያዝያ 8 ቀን ደግሞ በኔፕልስ አካባቢ አየር ላይ ተበታተነ። በመጀመሪያው 35፣ በሁለተኛው 21 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎች በፋርንበራ አንድ ሙሉ ኮሜት ውሃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው የበረራን ግፊት ደጋግመው ሰጡት። ቀድሞ የበረረው ሲደመር 3,057 ምልልስ ላይ ገላው በመስኮት ጥግ ተቀደደ። ኤልባ ላይ የወደቀው 1,290 በረራ ብቻ ነበረው።

ግን እኮ ፋብሪካው አስቀድሞ ፈትኖ ነበር! የፈተነው የገላ ክፍል ከ15 ሺህ በላይ ምልልስ ችሏል። ልዩነቱ ከየት መጣ? ያ ክፍል የዝለት ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ጥንካሬው እንዲታይ በሥራው ግፊት እጥፍ ተነፍቶ ነበር። ያን ጊዜ ውጥረት የተጠራቀመባቸው የመስኮት ጥጎች ቅርጻቸውን እስኪያጡ ተሳቡ። ግፊቱ ሲለቀቅ በዙሪያቸው ያለው ያልተበላሸ አሉሚኒየም ወደ ቦታው ሲመለስ የረዘመውን ጥግ ጨመቀው፤ ጥጉም እስከ ፍጻሜው በጭመቃ ውስጥ ቀረ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሳቢ ጭነት መጀመሪያ ያንን ጭመቃ ማሸነፍ ነበረበት፣ ስንጥቅም ዘገየ። መንገደኛ የሚጭኑት አውሮፕላኖች ግን እንዲህ አልተነፉም። በሁለተኛ ዓመት የምናስተምረው «ቅርጽ ማጣት» እና «የቀረ ውጥረት» የሚባሉት ምዕራፎች ከዝለት ምን እንደሚያገናኛቸው ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም። ዛሬ ይኸው ነገር ሆነ ተብሎ ይሠራበታል፤ የሞላና የባሌስትራ ገጽ በጥቃቅን የብረት ጥይት ይደበደባል፣ ገጹ ተጨምቆ እንዲቀር።

ብየዳ ከዚህ ሁሉ የከፋው ጥግ ነው። መጋቢት 27 ቀን 1980 በሰሜን ባሕር የሠራተኞች ማደሪያ የነበረው ተንሳፋፊ መድረክ አሌክሳንደር ኪላንድ ተገልብጦ 123 ሰዎች ሞቱ። ስንጥቁ የጀመረው ከዋናው መገጣጠሚያ አልነበረም። የድምፅ መቀበያ ለመያዝ በአንዱ ደጋፊ ቱቦ ላይ ከተበየደች ትንሽ መያዣ፣ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ የብየዳ መስመር ነው። መያዣዋ የምትሸከመው ጭነት ስለሌላት እንደ ጌጥ ታየች፤ የተበየደችበት ቱቦ ግን በእያንዳንዱ ማዕበል ይወጠር ነበር። የጭነት መኪና ሻሲ ላይ መያዣ መበየድ የለመደ ጋራዥ ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያውቀው እመኛለሁ። ሻሲው ሲጎብጥ በሚሳበው ጠርዝ ላይ ከመበየድ፣ ውጥረቱ አነስተኛ በሆነበት በጎኑ መካከል በብሎን ማሰር ይሻላል።

ዝለት የብረት ብቻ አይደለም። አስፋልት የጎማ ጭነት ባለፈበት ቁጥር ይታጠፋል፤ ሲሰለቸው ከጎማው መስመር ላይ መረብ የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በተካሄደው ትልቅ የመንገድ ሙከራ፣ በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በአክስሉ ጭነት አራተኛ ኃይል ገደማ እንደሚያድግ ታየ። አንድ መኪና በአክስሉ ላይ ከተፈቀደለት 20 በመቶ አብልጦ ቢጭን፣ 1.2ን በራሱ አራት ጊዜ ስናባዛው 2.07 ይሆናል፤ አንዴ ሲያልፍ ሁለት ሕጋዊ መኪና ያለፈ ያህል መንገዱን ያዝለዋል። የሚዛን ጣቢያ የመኪናውን ጠቅላላ ክብደት አይቶ የማይበቃው፣ አክስል በአክስል የሚመዝነውም ስለዚህ ነው።