ሁለት ዓመት የቆመች መኪና፦ ትጠገን ወይስ ትሸጥ?

የቀድሞ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «መምህር፣ የአባቴ መኪና በጦርነቱ እንደቆመች ቀረች። ጋራዥ ወስጃት ሞተሩ አልቋል አሉኝ። ላሳድሰው ወይስ መኪናዋን ልሽጣት?» መልሱ ትንሽ ታሪክ ስለሚፈልግ እዚሁ ልጻፈው።

መቐለ ላይ ብዙ መኪና የቆመው ተበላሽቶ አይደለም። ጦርነቱ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀመረ። በተለይ ከሰኔ 2013 መጨረሻ በኋላ ባንክና ስልክ ተዘጋ፣ ነዳጅ ጠፋ፣ ቤንዚን በጠርሙስ የሚሸጥ ብርቅ ዕቃ ሆነ። ከተማው በእግር፣ በብስክሌትና በጋሪ ተንቀሳቀሰ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ሲፈረም፣ ግቢ የቆመው ሞተር ብዙ ወራት ሳይነሳ ቆይቶ ነበር።

የቆመ ሞተር ደግሞ በሥራ ብዛት ካለቀ ሞተር ይለያል። ቤንዚኑ አርጅቶ ሙጫ ይሆናል፣ ካርቡራተሩ ይደፈናል፣ ሰልባትዮው ከውስጥ ይዝጋል፣ ፋሻው ይጣበቃል። ምልክቱ ግን ያው ነው፦ አይነሳም፣ ጉልበት የለውም። በምልክቱ ብቻ የፈረደ ይሳሳታል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የዋንክል ሞተር ታሪክ ነው። ፒስተን የለውም፤ ሦስት ማዕዘን ያለው ብረት ይሽከረከራል፣ በየጫፉ ያሉት ቀጫጭን ማሸጊያዎች የፋሻን ሥራ ይሠራሉ። የጀርመኑ ኤንኤስዩ ሮ 80 የተባለችውን መኪና እ.ኤ.አ. በ1967 ለገበያ አቀረበ። ማሸጊያዎቹ ቶሎ አለቁ። ኩባንያው በዋስትናው መሠረት ሞተር በሞተር ሲተካ ከሰረና በ1969 በቮልስዋገን ሥር ገባ።

የጃፓኑ ማዝዳም ያንኑ ችግር ገጥሞታል። የሞተሩ ግድግዳ ይቧጨር ነበር፤ ጭረቱን የሰይጣን ጥፍር ብለው ጠሩት። ኬንኢቺ ያማሞቶና 47 መሐንዲሶች ግን ሞተሩን ከመቀየር ይልቅ ለምን ብለው ጠየቁ። ማሸጊያው እየተንቀጠቀጠ እንደሚቧጭር ደረሱበት፤ ቅርጹንና የተሠራበትን ነገር ለወጡ። በዚያው ዓመት በ1967 ኮስሞን ሸጡ፣ በ1991 ደግሞ በዚሁ ዓይነት ሞተር የለማን ውድድርን አሸነፉ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ሞተር አልቋል ሲሏችሁ በምን አወቃችሁ በሉ። አሮጌው ቤንዚን ይውጣ፣ ሰልባትዮው ይታጠብ፣ ባትሪና ካንዴላ ይታይ። ካንዴላው ሲፈታ በየሲሊንደሩ ትንሽ ዘይት ጨምራችሁ አሳድሩት፣ ሞተሩን በእጅ አዙሩት። ከዚያ ኮምፕሬሽን አስለኩ። ሁሉም ሲሊንደር በቂና ተቀራራቢ ከሆነ ሞተሩ አልሞተም። አንዱ ዝቅ ካለ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ድገሙት፤ ከፍ ካለ ችግሩ ፋሻው ጋ ነው፣ ካላለ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጋስኬት ተመልከቱ።

ውሳኔው ከዚህ በኋላ ነው። ቦዲው ከሥሩ ከበሰበሰ ወይም መለዋወጫ ከሌለ ሽጧት፤ በዚያ ክፉ ጊዜ መኪናውን ሸጦ ልጆቹን ያበላ ሰው እንዳላፈረ ሁሉ እናንተም አታፍሩም። ደህና ከሆነች ግን አትቸኩሉ። መንግሥት በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ፣ የሸጣችሁትን መልሳችሁ መተካት ቀላል አይደለም።

የለካችሁትን ቁጥር ጻፉልኝ፣ አብረን እናየዋለን።