ከዳጉ እስከ ኢንተርኔት ስልክ፦ የድምፅ ዋጋ በይፋት ቆላ

ለሰው ልጅ ኑሮ የሚያስፈልጉ ነገሮች ሲዘረዘሩ እህልና ውሃ፣ ልብስና መጠለያ በቀዳሚነት ይቆጠራሉ፤ ወሬ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ወሬ ስንል ሐሜትን ማለታችን አይደለም። የራቀው ዘመድ በሕይወት መኖሩን፣ ዝናሙ መጣሉን፣ የገበያው ዋጋ መውጣት መውረዱን፣ መንገዱ ሰላም መሆን አለመሆኑን የሚያስታውቀውን ቃል ማለታችን ነው። ይህ ቃል ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ በየዘመኑ መንገድ አስፈልጎታል፤ መንገድ ደግሞ ቀረጥ አያጣም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ባለው የይፋት ቆላ ድምፅ በምን መንገድ ሲተላለፍ እንደኖረ፣ ሕዝቡም የመንገዱን ቀረጥ ለማቅለል ምን ምን ዘዴ እንደተጠቀመ በአጭሩ መመርመር ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጣርማ በርን ደጋ በዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ይወርድና 220 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። ከዚያም በሰንበቴ፣ በአጣዬና በካራ ቆሬ አድርጎ ወደ ከሚሴ ይቀጥላል። በቀድሞው የአስተዳደር ክፍፍል ይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ይባል የነበረው ይህ አገር አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በገበያ የሚገናኙበት፣ ሽንኩርቱና ማሾው የሚመረትበት ቆላ ነው። በመካከለኛው ዘመን የይፋት ሡልጣኔት የተመሠረተውም ደጋውን ከዘይላ ወደብ ጋር በሚያገናኘው የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ ላይ ነበር። ስለዚህ የአካባቢው ሰው የሩቅ አገር ወሬ መጠበቅንና የሩቅ መንገደኛን መጠየቅን የለመደው ትናንት አይደለም።

በዚህ ረገድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው የአፋሮች ዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ይቀመጡና ያዩትንና የሰሙትን በየተራ ይነጋገራሉ። ማን እንደሞተ፣ የት እንደዘነበ፣ ግጦሽ የት እንዳለ፣ ከብት የት እንደጠፋ አንዱ ለሌላው ያስረዳል፤ ሰሚውም የሰማውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለሚቀጥለው መንገደኛ የማድረስ ግዴታ አለበት። ዳጉ ገንዘብ አይከፈልበትም። ዋጋው ጊዜና እውነት ነው። ውሸት ያስተላለፈ ሰው በወገኑ ዘንድ ያፍራል፤ እምነትም ያጣል። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ቃል የሚጓዘው በሰው እግር ሲሆን ክፍያውም የጋራ ኃላፊነት ነበር ማለት ነው።

ሽቦው ሲመጣ ይህ ሒሳብ ተለወጠ። ስልክ የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛ የተወረሰ ሲሆን ትርጉሙ ሽቦ እንደማለት ነው። ራስ መኮንን በ1882 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ሲመለሱ የስልክ መሣሪያ ይዘው እንደመጡ፣ ካህናቱም ይህ ሰው ሳይታይ ድምፁ የሚሰማበት ነገር የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደተቃወሙ ይነገራል። ዳግማዊ ምኒልክ ግን አልተበገሩም። የአገሪቱ የቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎት ልደት ከ1886 ዓ.ም. ይቆጠራል፤ የመጀመሪያው ረጅም መሥመርም አዲስ አበባን ከሐረር ጋር ያገናኘውና 477 ኪሎ ሜትር የሸፈነው ነበር።

ሽቦው ለሕዝብ አገልግሎት በሰፊው እንዲዘረጋ የተደረገው ግን ከኢጣሊያ ወረራ በኋላ ነው። በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለዚሁ ሥራ 1.5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። በ1945 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በአዋጅ ተቋቋመ። በዚያ ዘመን ከጠቅላይ ግዛት ከተማ ወደ ሌላ ከተማ ለመነጋገር የፈለገ ሰው ስልክ ቤት ሄዶ ቁጥሩን ያስመዘግባል፤ ተራውን ይጠብቃል፤ ስልከኛዋ በእጇ መሥመር ስታገናኝለት ወደ ሣጥኑ ገብቶ ይጮኻል። የሚጠራው ሰው ስልክ ከሌለው አስቀድሞ የጥሪ ወረቀት ተልኮለት በቀጠሮው ሰዓት እንዲገኝ ይደረጋል። ክፍያው በሁለት ነገር ይለካ ነበር፤ በርቀትና በደቂቃ። ስለዚህም የእኛ ሰው የሰላምታ ባህል፣ ከብቱንና ጎረቤቱን ሳይቀር በስም እየጠራ ደህንነቱን የሚጠይቀው ባህል፣ ከደቂቃ ቆጣሪው ጋር መጋጨቱ አልቀረም። ስልክ የሞትና የድንገተኛ ነገር መንገሪያ ሆነ። በእኩለ ሌሊት የስልክ ደወል የሰማ ሁሉ የሚደነግጠው ያለ ምክንያት አልነበረም።

የይፋት ወጣቶች፣ በተለይም ሴቶች ልጆች፣ ለሥራ ወደ ዐረብ አገሮች መሄድ ሲያዘወትሩ ችግሩ ባሕር ተሻገረ። ከጅዳ ወይም ከቤሩት የሚደወል የአንድ ደቂቃ ጥሪ ለአንዲት የቤት ሠራተኛ ቀላል ወጪ አልነበረም። በዚህ ጊዜ ሕዝቡ ከስልኩ ዋጋ የሚያመልጥበትን መንገድ በቴፕ ካሴት አገኘ። ልጅቱ በባዕድ ማጀት ተደብቃ ድምፅዋን ትቀዳለች፤ ካሴቱ ከመንገደኛ ጋር ይላካል፤ እናት፣ አባትና ጎረቤት ቡና አፍልተው በአንድነት ያዳምጣሉ፤ በካሴቱ ሌላ ገጽ ላይም መልሳቸውን ሞልተው ይመልሳሉ። ምርቃቱ፣ እንጉርጉሮው፣ አንዳንዴም መንዙማው ሳይቀር በዚያ ክር ላይ ይሰፍራል። ይህ የካሴት ደብዳቤ ያለ ደራሲ ስም የተፈጠረ ሕዝባዊ ኪነ ጥበብ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ከዳጉም ጋር ዝምድና አለው፤ ቃሉ የሚጓዘው በሰው እጅ ነውና።

በሚያዝያ 1991 ዓ.ም. የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት በአዲስ አበባ ተጀመረ፤ ውሎ አድሮም ወደ ክፍለ አገር ከተሞችና ወደ ገጠር ተዳረሰ። ስልክ ቤት መጠበቅ ቀረ፤ ደቂቃ ቆጣሪው ግን አልቀረም። ሰፊው ሕዝብ ይህንንም በዘዴ ተቋቋመው። ሚስኮል የሚባለው ዘዴ በዚህ መንገድ የተወለደ ነው። አንድ ጊዜ ጠርቶ መዝጋት ደረስኩ ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ጠርቶ መዝጋት ደውልልኝ ማለት ነው፤ ወይም ሁለቱ ሰዎች እንደተስማሙበት ነው። ደኻው ሳይከፍል የሚናገርበት ቋንቋ አወጣ። ሂሳብ የሚሞላው የተሻለ ገቢ ያለው ዘመድ፣ ብዙውን ጊዜም ባሕር ማዶ ያለችው ልጅ፣ መልሶ ይደውላል። ስለዚህ ወጪው ጠፋ ሳይሆን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ትከሻ ዞረ።

የወጪውን መሠረት ራሱን የለወጠው የኢንተርኔት ስልክ ነው። አሠራሩን በአጭሩ ማስረዳት ሳያስፈልግ አይቀርም። በተለመደው ዲጂታል ስልክ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ በሰከንድ 64 ኪሎ ቢት የሚያስተላልፍ መሥመር ለእነርሱ ብቻ ይያዛል፤ ቢናገሩም ዝም ቢሉም ይከፈልበታል። በኢንተርኔት ስልክ ግን ድምፁ ተጨምቆ፣ አንዳንዴም እስከ 8 ኪሎ ቢት ዝቅ ብሎ፣ በትናንሽ ጥቅል ተከፋፍሎ ከሌላው መልእክት ሁሉ ጋር በአንድ ጎዳና ይጓዛል፤ መድረሻው ላይ ተገጣጥሞ ይሰማል። የሚከፈለው በርቀት ሳይሆን በመጠን ነው። የድምፅ ጥሪ ብቻ ከሆነ በደቂቃ የሚወስደው መጠን በአብዛኛው ከአንድ ሜጋ ባይት አይበልጥም፤ ጠሪው አጣዬ ይሁን ሪያድ ለውጥ የለውም። በቤቱ የኢንተርኔት መሥመር ያለው ቤተሰብ ደግሞ በዋይፋይ አማካይነት የአንዱን መሥመር ክፍያ ለቤቱ ሁሉ ያካፍላል።

ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው የኢንተርኔት ስልክ ፕሮግራም ቮካልቴክ የተባለው የእስራኤል ኩባንያ በ1987 ዓ.ም. ያወጣው ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአሜሪካ የሚኖሩ ሰዎች የቤት ስልካቸውን በትንሽ ሣጥን አማካይነት ከኢንተርኔት መሥመራቸው ጋር እያገናኙ ወጪያቸውን ይቀንሱ ጀመር። በ1995 ዓ.ም. ስካይፕ ብቅ አለ፤ ከሃያ ዓመት በላይ አገልግሎም በ2017 ዓ.ም. ተዘጋ።

በእኛ አገር ኢንተርኔት የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት የድምፅና የፋክስ አገልግሎት መስጠትንም ሆነ መጠቀምን ከለከለ። አዋጅ ቁጥር 761/2004 ደግሞ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሚሰጠውን ሰው ከ3 እስከ 8 ዓመት በሚደርስ እስራት እንዲቀጣ አደረገ። በግል የሚደረግ የስካይፕ ንግግር በአዋጁ እንደማይነካ መንግሥት በዚያው ዓመት ቢያስታውቅም ሥጋቱ በቀላሉ አልጠፋም።

የክልከላውን ምክንያት በትክክል መረዳት ተገቢ ነው። ከውጭ አገር የሚመጣ ጥሪ በብሔራዊው ድርጅት መሥመር ሲያልፍ አገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ታገኝበታለች። ሲም ቦክስ የሚባለው መሣሪያ ጥሪውን በኢንተርኔት ተቀብሎ በአገር ውስጥ ሲም ካርድ እንደ ተራ የአገር ውስጥ ጥሪ ያሳልፈዋል፤ ልዩነቱም በነጋዴው ኪስ ይቀራል። ይህ በእርግጥ የሕዝብ ሀብት መመዝበር ነው። ይሁን እንጂ ለትርፍ የሚሠራውን አሻጋሪና ከልጇ ጋር የምትነጋገረውን እናት በአንድ ጅራፍ መምታት ፍትሕ አይሆንም። ከዚህም በላይ ቀረጡ ከሕዝቡ አቅም በላይ በሆነ መጠን ጓሮ በሩ እየሰፋ መሄዱ ከጥንት ጀምሮ በየኬላው የታየ ነው።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ድምፅን ዋጋ በ40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔትን ደግሞ በ43 በመቶ ቀነሰ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ገበያውን ለሌሎች ድርጅቶች ከፈተ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ሁለተኛው አገልግሎት ሰጪ ሆኖ ሥራውን በይፋ ጀመረ። በማዶም ሳዑዲ ዓረቢያ በኢንተርኔት ጥሪ ላይ ጥላው የነበረውን እገዳ በመስከረም 2010 ዓ.ም. አነሣች። ኢሞ፣ ዋትስአፕና ቴሌግራም ወደ ቆላው ገጠር የዘለቁት በእነዚህ ዓመታት ነው። ማንበብ የማትችለው እናት የልጇን ፎቶግራፍ ለይታ ትነካለች፤ ቀሪውን ተማሪው ልጅ ያስተካክልላታል። ድሮ በደቂቃ ቆጣሪው የተቆረጠው ረጅሙ ሰላምታ ተመለሰ፤ የከብቱም ደህንነት እንደገና ይጠየቅ ጀመር።

ሆኖም ይህ መንገድ እንከን የለበትም ማለት አይደለም። የሚበቃ ስልክ መግዣ ያስፈልጋል፤ መብራት ያስፈልጋል፤ የምስል ጥሪ ከድምፅ ይልቅ ብዙ እጥፍ መጠን እንደሚበላ ያላወቀ ሰው የገዛው ጥቅል በአንድ ምሽት ያልቅበታል። ከሁሉ በላይ መንገዱ ሊዘጋ ይችላል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። አጣዬና አካባቢዋ በ2013 ዓ.ም. በግጭት ከተቃጠሉ ወዲህ ብዙ ያየው የይፋት ሰው፣ የወገኑን ደህንነት መስማት አብዝቶ በሚፈልግበት ሰዓት ርካሹን መንገድ አጣ። እንደገና ወደ ደቂቃ ቆጣሪው፣ እንደገናም ከመንገደኛ አፍ ወሬ ወደ መጠየቅ ተመለሰ። ዳጉ ያረጀ ቢመስልም ያልሞተው ስለዚህ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ቁም ነገር አለ። ቃል በእግር ሲጓዝ ዋጋው እውነት ነበር፤ በሽቦ ሲጓዝ ርቀትና ደቂቃ ሆነ፤ ዛሬ ደግሞ መጠን ሆኗል። ሕዝቡ በእያንዳንዱ እርከን ላይ ዋጋውን ዝም ብሎ አልተቀበለም፤ በካሴቱ፣ በሚስኮሉና በዋይፋዩ የራሱን መውጫ አበጀ። መምህሩ ለተማሪዎቹ ይህን ስሌት ቢያስተምር ለብዙ ቤተሰብ ወጪ ይቀንሳል። የአስተዳደር ሠራተኛው የመስመር መቋረጥን ሲያስብ ከመስመሩ ጫፍ ያለችውን እናት ቢያስብ ይበጃል። የኪነ ጥበብ ሰው ደግሞ አስቸኳይ ተግባር ይጠብቀዋል። በሸዋ ሮቢት፣ በካራ ቆሬና በሰንበቴ ቤቶች ሣጥን ውስጥ የቀሩት የካሴት ደብዳቤዎች ክራቸው በሙቀትና በአቧራ እየተበላ ነው። ባለቤቶቹን አስፈቅዶ መቅዳትና ማኖር የሚቻለው አሁን ነው። ማጫወቻው ከየቤቱ እየጠፋ ነው፤ በእነዚያ ካሴቶች ላይ የመረቁት እናቶችም አርጅተዋል።